«ቀኛዝማችነቱን ለሌላ ሰጡት፤ እኔን ጫጩት ጠብቂ አሉኝ»

«ሰላም እትዬ፣

ዕድሜዬ 21 ነው፤ የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ልጆች እየተሰበሰብን ገጸ ባሕርይ ይዘን የምንጫወተው ጨዋታ አለን፤ አምስታችን ከደሴ፣ አራቱ ከኮምቦልቻ ነን። ድራጎን የሚጋልብ ጦር ነን። ታሪኩን የሚመራልን ተራኪያችን ለጦሩ የአገራችንን ሹመት ሰጥቶታል፦ ከላይ ደጃዝማች አለ፣ ከፊት ፊታውራሪ ይበራል፣ ቀኝ ክንፉን ቀኛዝማች፣ ግራውን ግራዝማች ይመራል። አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቅዳሜ ሳልቀር ተጫውቻለሁ። የቀኛዝማችነቱ ቦታ ሲለቀቅ ለእኔ ነው ብዬ ስጠብቅ ለአንዱ የኮምቦልቻ ልጅ ተሰጠ። ድራጎኑ ነጎድጓድ ይባላል። ነጎድጓድ ከሁሉም ይተልቃል፤ ጋላቢው ግን ከሦስት ቅዳሜ አንዱን ይቀራል። የምንጫወተው እነሱ ቤት ነው፣ ቡና የምታፈላልንም እናቱ ናት፤ ምክንያቱ ይኸው ይመስለኛል። እኔ ‹የጫጩት አለቃ› ተባልኩ። ከእንቁላል የወጡትን ድራጎኖችና አዲስ የሚገቡትን ተጫዋቾች አሠለጥናለሁ ማለት ነው። ‹ዶሮ አርቢ› እያሉ ይስቁብኛል። አንዱማ ‹ሴት ክንፍ አትመራም› ብሎ ነበር፤ በኋላ ቀልዴን ነው አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ትልቅ ውጊያ አለብን። ከሦስት ጋላቢዎች ጋር ተማክረናል፤ ነጎድጓድ ወደ ጠላት ሲጠልቅ አንከተለውም፣ ብቻውን ይቀራል። ልክ ነኝ? ወይስ ጭራሽ ከጨዋታው ልውጣ?

ጋላቢዋ፣ ከደሴ»

(ደብዳቤው ለቦታ ሲባል አጥሯል።)

ልጄ፣

በዚህ ዓምድ ስለ አማት፣ ስለ ዕቁብ፣ ስለ ጠፋ ቀለበት ስንቱን ደብዳቤ አስተናግጃለሁ፤ በድራጎን ሹመት ተቀይሞ የጻፈልኝ ሰው ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። እኔ የማውቀው ደራጎን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ሥር ተጋድሞ ጦር የተሰካበትን ነው። የእናንተው ኮርቻ ተጭኖበት ይበራል። ይሁን። ኮምቦልቻ ያለው የእህቴ ልጅም በሌላ ቡድን ይኸንኑ ይጫወታልና ነገሩ ጨርሶ እንግዳ አልሆነብኝም።

አንዱን ቶሎ ልጨርሰው። የቅዳሜውን ምክክር ተዪው። ነጎድጓድ ብቻውን ሲወድቅ የሚያፍረው ድራጎኑ አይደለም፤ ልጁ ነው፣ ያውም በገዛ ቤቱ፣ እናቱ ረከቦቱን ይዛ ስትገባ። የጨዋታ ጠብ ጨዋታ ሆኖ የሚቀረው ጠቡን ሁሉም ሲያውቀው ነው፤ አራት ሆናችሁ የመከራችሁበትን እሱ አያውቅም። መሸፈት ካማረሽ ደግሞ ሽፍትነትም ደህና ሥልጣን ነው፤ ካሣ ኃይሉ ቋራ ሸፍቶ ነው በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባለው። ለተራኪያችሁ «ገጸ ባሕርይዬ በአዲሱ ቀኛዝማች ቅር ተሰኝታለች፣ ልትሸፍት ትችላለች» ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪው። ለልጁም ንገሪው። ያን ጊዜ እሱም አሳዳጅ ለመሆን ይዘጋጃል፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ የምትጫወቱት አገኛችሁ ማለት ነው።

«ሴት ክንፍ አትመራም» ያለው ልጅ ወሎዬ ከሆነ ያሳዝናል። ወይዘሮ ወርቂትን አልነገሩትም ማለት ነው። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሲወጡ የደረሱት እሷ በምትገዛው የወሎ ምድር ነበር። የገዛ ልጇ መቅደላ ላይ በቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ሳለ ምኒልክን አሳልፋ ሳትሰጥ ወደ ሸዋ አሳለፈቻቸው። እንዲህ ያለ ውሳኔ ለወሰነች ሴት የድራጎን ክንፍ ምኗ ነው? ይህን ንገሪውና ዝም በዪ፤ ከዚያ በላይ ክርክር አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ቅሬታሽ። ግማሹ ልክ ነው። ቤቱን የሰጠን ሰው ማመስገን ደግ ነገር ነው፤ ግን በየቅዳሜው ዘጠኝ ሰው የምታስተናግድ እናት የምትመሰገነው ቡናና ስኳር ይዞ በመሄድ፣ ሲወጡም ሲኒውን አጥቦ በማስቀመጥ ነው እንጂ ልጇን ቀኛዝማች በማድረግ አይደለም። (በነገራችን ላይ ከደሴ የምትወርዱት አምስታችሁ ስኳር ይዛችሁ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? በደብዳቤሽ ላይ አላየሁትም።) ምናልባትም ተራኪያችሁ ቡናውን ከቁም ነገር አልቆጠረው ይሆናል። በብዙ የድራጎን ጋላቢ ጨዋታ ሹመት የሚገኘው በድራጎኑ ነው፤ በቀለሙ፣ በመጠኑ፣ ወይ ደግሞ ንግሥቲቱ ድራጎን በምትመርጠው። ነጎድጓድ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ሾሞት ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ ሌላ ነው፤ ሹመቱ በምን እንደሚሰጥ አስቀድሞ አልነገራችሁም። ይህን ልትጠይቂው ይገባሻል።

ሌላው ግማሽ ግን ያንቺ ነው። «አንድ ቅዳሜ ሳልቀር» ብለሻል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ዓመት ሙሉ መውጣትና መውረድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ክረምት ላይ በጉም ውስጥ ሚኒባሱ ከከባድ መኪና ኋላ ሲንፏቀቅ የጨዋታው ሰዓት መንገድ ላይ ያልቃል። ትጋትሽን አላቃልልም። ነገር ግን ሁለት ገጽ በሚሞላው ደብዳቤሽ ውስጥ «ቀኛዝማች ብሆን ለሌሎቹ ጋላቢዎች ይህን አደርግ ነበር» የሚል አንድ መስመር ፈልጌ አጣሁ።

እስቲ ሹመቶቹን ራሳቸውን እንያቸው፤ ተራኪያችሁ ያመጣቸው ስሞች ከሚያስበው በላይ ጥሩ ናቸው። ከጥንት ሲነሡ የቦታ ስሞች ናቸው። ፊታውራሪ ከፊት ሆኖ የሚያወርር ነው፤ ቀኛዝማች ቀኙን፣ ግራዝማች ግራውን ያዘምታል፤ ደጃዝማች የንጉሡን ደጅ ይዞ ነው። ጦሩ ሲጓዝም ሲሰፍርም እያንዳንዱ የት እንደሚቆም በስሙ ይታወቅ ነበር። በኋላ ነው ማዕረግ ብቻ እየሆኑ የሄዱት። እናንተ አራቱን የሰልፍ ሹመቶች አውጥታችሁ ቀሪውን ቤተ መንግሥት ረሳችሁት። ዘጠኝ ሰው ለአራት ወንበር ሲሻማ ደግሞ አምስቱ ማኩረፉ አይቀርም።

ሊቀ መኳስን ታውቂዋለሽ? በውጊያ ቀን የንጉሡን ልብስ ለብሶ ጠላትን የሚያሳስተው ሰው ነበር። በድራጎን ጦር ውስጥ አስቢው፤ የደጃዝማቹን ካባ ደርባ፣ ጠላትን ሁሉ በራሷ ላይ ስባ በደመና ውስጥ የምትጠፋ ጋላቢ! እኔ ብሆን ቀኛዝማችነቱን ትቼ ይኸን እለምን ነበር። ጸሐፌ ትእዛዝ አለ፤ የጦሩን ውሎ የሚጽፍ፣ ባለፈው ቅዳሜ ለማን ምን ቃል እንደተገባ የሚያስታውስ። በጅሮንድ ግምጃ ቤቱን ይይዛል፤ ድራጎን ስንት በሬ እንደሚበላ የሚያሰላ ሰው ሳይኖራችሁ ዓመት መጫወታችሁ ይገርመኛል። ነጋድራስ ከነጋዴው ጋር ይደራደራል።

ያንቺው ቦታም የራሱ ስም አለው። የንጉሡን ፈረሶች የሚይዘው፣ ገራሙን ከድንጉጡ የሚለየው፣ የትኛው ለጦርነት የትኛው ለጭነት እንደሆነ የሚያውቀው ሹም ባልደራስ ይባል ነበር። ፈረሱን በድራጎን ብትተኪው አንቺ ባልደራስ ነሽ። «የጫጩት አለቃ» የሚለውን ስም ያወጣው ሰው ነው ለ«ዶሮ አርቢ» በር የከፈተው። ስሙ ይስተካከልልኝ ማለት ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ።

ስም ብቻ ግን አይበቃም። ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ቡድን ሲጫወት አንድ ከሰዓት ቁጭ ብዬ አይቼ ነበር። ሃያ ገጽ ያለውን ዳይስ የሚጥሉት የቡና ትሪ ላይ ነው፤ ምንጣፉ ላይ ሲጥሉት ቁም ሣጥን ሥር እየገባ በስልክ መብራት ሲፈልጉ ጊዜ ይባክናል። ክንፉን የምትመራው አሥራ ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት። ውጊያው ሲጀመር ትእዛዝ ትሰጣለች ብዬ ጠበቅሁ፤ መጠየቅ ጀመረች። «አንተ ከደመናው ሥር ነህ፣ ምን ይታይሃል?» «ነፋሱ ከየት ነው?» ጥግ ላይ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ከመጣ ጀምሮ ያልተናገረ አንድ ልጅ ነበር። ወደ እሱ ዞረችና «ያንተ ድራጎን አፍንጫው ጥሩ ነው አላልክም? ምን ይሸተዋል?» አለችው። ልጁ ቅርፊቱን ከጉልበቱ ላይ አራገፈ። ትንሽ ቆይቶ «ጭስ» አለ። «ግን የእንጨት ጭስ አይደለም።» ተራኪው ቀና አለ። ጭስ የሚባል ነገር እንዳላሰበ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር፤ ግን ተቀበለው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ከሰዓት በሙሉ ያን ጭስ ፍለጋ ሆነ። ልጁም ከዚያ ወዲያ ዝም አላለም፤ እንዲያውም አስቸገረ።

ሲጨርሱ መሪነት በጨዋታው ውስጥ እንዴት እንደመጣ የእህቴን ልጅ ጠየቅሁት። እንደነገረኝ፣ እንዲህ ዓይነቱን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 አሳትመው ለገበያ ያወጡት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ አሜሪካውያን ናቸው፤ በትንንሽ ወታደሮች ይጫወቱት ከነበረው የጦርነት ጨዋታ የመነጨ ነው። በዚያ ዘመን ከተጫዋቾቹ አንዱ የሁሉንም ሐሳብ ሰብስቦ ለተራኪው የሚናገር አፈ ጉባኤ ይሆን ነበር፤ ሌላው ካርታ ይስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የዚሁ ጨዋታ የጀማሪዎች ደንብ ላይ አፈ ጉባኤው የሚናገረው የሌሎቹን ፍላጎት በትክክል መሆኑን እንዲያረጋግጥ ተጽፎበታል። እንግዲህ የመጀመሪያው ለተጫዋች የተፈቀደ አመራር ይህ ነው፤ የሰው ቃል ተቀብሎ ማድረስ። በዚያው ደንብ የገጸ ባሕርይ ግርማ ሞገስ በቁጥር ይለካል፤ 3 ያለው ሰው አንድ ተከታይ ብቻ መቅጠር ይችላል፣ ከሁሉ የላቀው ባለ 18ቱ ደግሞ ሰባት። ከሰባት በላይ የለም! እናንተ ዘጠኝ ናችሁ፤ ስለዚህ ነጎድጓድም ቢሆን ብቻውን አይችላችሁም።

ወደ ጫጩቶቹ ልመለስ፣ ምክሬ ያለው እዚያ ነውና። አዲስ ተጫዋች ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው አንቺን ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ደንብ ካስተማርሽው በሁለተኛው ቅዳሜ አይመለስም። እንደተቀመጠ አንድ የሚሠራው ነገር ስጪው፤ እንቁላሉ እየተሰነጠቀ ነው፣ እጁን ይዘርጋ ወይስ ያፈግፍግ? ዳይሱን ይጣል። ደንቡ ከዚያ በኋላ በራሱ ይመጣል። በሳምንቱ መሐል ደግሞ በቴሌግራም ከአንድ ወይም ከሁለት ጫጩት ጋር ትንሽ ትዕይንት መጻፍ ትችያለሽ፤ የመጀመሪያው በረራ፣ ከጦሳ ተራራ አናት ላይ እንደመዝለል ያለ ነገር። ይህን ደጋግማ የሠራች ሰው ሳታውቀው ተራኪ ትሆናለች፤ ከዘጠኙ መሐል ተራኪያችሁ ቢታመም የሚተካው ማን ነው?

ደግሞ አንድ ሥልጣን ለይተሽ ጠይቂ። ጫጩቱ ሲያድግ ወደ ቀኝ ይግባ ወደ ግራ፣ የሚመድበው ማን ነው? ባልደራሷ ናት ካሉሽ ቀኛዝማቹም ግራዝማቹም ደጅ ይጠኑሻል። «ያቺን ፈጣኗን ለእኔ» የሚል መልእክት ማታ ማታ ይመጣልሻል። ጉቦ እንዳትቀበዪ ብቻ።

ይህን የምለው ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። ሠፈራችን ቅሬ (ዕድር) ውስጥ ጸሐፊ እሆናለሁ ብዬ ስጠብቅ ዕቃ ቤቱን ሰጡኝ። ድንኳን፣ ጎላ ድስት፣ ሰሃን፣ የሻይ ብርጭቆ። አንድ ወር አኮረፍኩ። ከዚያ አንድ እሑድ ሰሃኑን ሁሉ ገልብጬ ጀርባው ላይ በጥፍር ቀለም ቁጥር ጻፍኩበት፤ ቀዩ ሲያልቅብኝ በሮዝ ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲያ ሰሃን 43 የት እንዳደረ የማላውቅበት ቀን አልነበረም። ጸሐፊውን በዓመት ሁለት ጊዜ የሚፈልጉት ሰዎች እኔን በየሳምንቱ ይፈልጉኝ ጀመር፤ ማን ተጣላ፣ ማን አረገዘች፣ የማን ልጅ ከሄደበት ተመለሰ፣ ከሁሉ በፊት የምሰማው እኔ ነበርኩ። ጸሐፊነቱን አሁንም እፈልገዋለሁ፤ አልዋሽሽም።

አንቺም ቀኛዝማችነቱን መፈለግሽን አትደብቂ። በዚህ የሚታፈር የለም። ግን የልጁን መቅረት የሰበብ ዱላ አታድርጊው፤ ደንብ ይሁን። በኢንተርኔት በጽሑፍ በሚካሄዱት የድራጎን ጨዋታዎች መሪነት የያዘ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ከጠፋ ቦታውን ለሌላ መልቀቁ የተለመደ ነው። ቅሬም ቀብር የቀረን ይቀጣል። ለሁሉም ሹም ምክትል ይኑረው፤ ሹሙ በቀረ ቀን ምክትሉ ይምራ፤ ተከታትሎ ከቀረ ይተካ። ይህ ለደጃዝማቹም ይሠራል፣ ላንቺም።

ለተራኪያችሁ በግል፣ ግሩፑ ላይ ሳይሆን፣ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ «ቀኛዝማችነቱን ፈልጌ ነበር፣ ቅር ብሎኛል። በምን እንደሚሾም ብትነግረን ደስ ይለኛል። የጫጩቶቹን ሥራ እይዛለሁ፤ ስሙ ባልደራስ ይሁን፣ ወደ ክንፍ የምመድበውም እኔ ልሁን። ለሁሉም ሹም ምክትል ይኑረው፤ የቀኝ ክንፉ ምክትል እኔ እሆናለሁ።» ከመላክሽ በፊት ሁለት ሰዓት አቆዪው፣ በንዴት የገባ ቃል ካለ ይታይሻል። ለሦስቱ ጋላቢዎችም ምክክሩ መቅረቱን ዛሬውኑ ንገሪያቸው፤ ቅዳሜ ሜዳ ላይ እንዳይገርማቸው።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። በደብዳቤሽ ውስጥ ነጎድጓድ የሚለውን ስም ከሦስት ጊዜ በላይ ጽፈሻል። ያንቺ ድራጎን ማን ነው የሚባለው?